ሞቆ የጠበቀን ሞተር

ጉለሌ ውስጥ ጋራዥ የገባሁ ቀን መፍቻና ካቻቢቴ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ግን ገና ከመንገድ የገባ መኪና ፊት አቁመው እጄን ኮፈኑ ላይ አስደረጉኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ። ይሞቃል አልኳቸው። የሚሸጥ መኪና እንዳይ ሰው ሲወስደኝ ከዚያ እንድጀምር ነገሩኝ። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀህ ባለቤቱ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ትምህርታቸው ይኸው ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። የደከመ ሞተር ጉዱ የሚታየው አድሮ ሲነሳ ነው፤ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ቀድሞ ከሞቀ ግን እንደ ጎረምሳ ይነሳል። ስለዚህ ተንኮለኛ ሻጭ ገዢ ሳይደርስ ያሞቀዋል። የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ በኋላም ገዢ ይዞኝ በሄደ ቁጥር ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጄ ኮፈኑ ላይ ነው። ባለቤቴ በዚህ ታሾፍብኛለች፤ ለልጃችን ሽማግሌ የተላከ ቀን የሰዎቹን ግንባር እንዳትነካ ትለኛለች።

በቅርቡ ዘይነባ መጣች። ከጋራዤ አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት፤ ከእናቷ ጋር የምትኖረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቷ የኩላሊት እጥበት ጀምረዋል። በማለዳ ታክሲ ፍለጋ ብርድ ላይ መቆማቸው አንጀቷን በልቶታል። ያላትን አሟጣ አንድ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ልትገዛ አስባለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ከተበላሸብኝ ሌላ መግዣ የለኝም። በደንብ ይዩልኝ" አለችኝ።

ሻጩ ጋሽ ንጉሴ ይባላሉ። ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ደላላ አላስገቡም። በማለዳ ግቢያቸው ደረስን። ኮፈኑን ስነካው ትኩስ ነው። ዘይነባን በዓይኔ ጠቀስኳት። ለሰውዬው በማግስቱ እንደምንመለስ፣ እስከዚያ ሞተሩን እንዳያስነሱት ነገርኳቸው። እሺ አሉ፤ አነጋገራቸው ግን ብዙም አልጣመኝም።

በማግስቱ ቀደም ብለን ሄድን። ኮፈኑ አሁንም ትኩስ ነው። ደሜ ፈላ። ብዙ አታላይ አይቻለሁ፤ አታድርግ የተባለውን በማግስቱ የሚደግም ግን አልገጠመኝም። ዘይነባን እንሂድ አልኳት። እግሯ አልነሳ አለ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቋት እናት አሉ።

"አባባ፣ ምንድን ነው የሚደብቁን?" አለቻቸው።

ጋሽ ንጉሴ አንገታቸውን ደፉ።

"ምንም አልደበቅኩም፣ ልጄ። ባለቤቴን ለእጥበት የማመላልሳት በዚህ ነበር። ሞተሩ ካልሞቀ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ነው የሚነፋው፤ እሷ ደግሞ ብርድ አትችልም ነበር። ከቤት ሳትወጣ ቀድሜ አሞቀዋለሁ። ካረፈችም በኋላ ጠዋት ስነሳ እጄ ቁልፉን ያነሳል። ዛሬም እናንተ ያላችሁኝ ትዝ ያለኝ ካስነሳሁት በኋላ ነው።"

መካኒክ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የሚሆን መፍቻ የለኝም። ዘይነባ ግን ጠጋ ብላ የእሷም እናት እጥበት ላይ መሆናቸውን ነገረቻቸው። እስከዚያች ሰዓት መኪናውን ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቋትም ነበር።

ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እኔ እጅ ላይ አኖሩት።

"አንተ ጋ ይደር። እኔ ጋ ካለ እጄ አያርፍም" አሉኝ።

ሲነጋ ኮፈኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ጋሽ ንጉሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። አስነሳሁት፤ ትንሽ አጉረመረመና ተረጋጋ። ጭሱም ንጹሕ ነው። የእንጦጦን ዳገት ይዤው ወጣሁ፤ አላቃሰተም። የፊት ፍሬኑ ሸራ ማለቁን ስነግራቸው ሳይከራከሩ ከዋጋው ቀነሱላት። ዘይነባን ግዢው አልኳት።

ስንለያይ ሽማግሌው መኪናውን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም። ለእሷ ብቻ፣ "እናትሽን ሳታስወጪ ቀድመሽ አሙቂው" አሏት። እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ጎማ የማይ መሰልኩ።

አሁን አንዳንድ ማለዳ ጋራዤን ስከፍት ነጩ መኪና ሰው ሳይኖርበት ሞተሩ በርቶ ይቆማል። ቆይታ ዘይነባ እናቷን ደግፋ ትወጣለች። አንድ ቀን በአጠገቡ ሳልፍ፣ የለመደ እጅ ነውና፣ ኮፈኑን ነካሁት። ትኩስ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ሞቆ የጠበቃችሁን ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ሳታዩ ግዙ አትበሉ። ባለቤቱን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ግን ለማን እንዳሞቀው ጠይቁት።