የሽማግሌው ራጅ

ሽማግሌው የዓምናውን ራጅ በትራስ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ገቡ። ማንም ሳያዛቸው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጫማቸው ውስጥ ከተቱ። ብረት ምስሉን እንዳያበላሽ መሆኑ ነው።

«ሳንባዬ ላይ የታየው ጥላ ጠፍቶ እንደሁ ልይ ብዬ ነው» አሉ። «የጸለዩልኝ ሰዎች ‹ተፈውሰዋል፣ እሑድ ጉባኤው ፊት ይመስክሩ› ብለውኛል።»

የራጅ ባለሙያዋ ሳቅ አለች። «አባባ፣ ላመነ ሰው ራጅ ምን ያደርግለታል?»

«እግዜርንማ አልተጠራጠርኩም፣ ልጄ። የምጠራጠረው የራሴን አፍ ነው። ሳላጣራ ተነሥቼ በስሙ ብዋሽስ?»

ፊቷ ፍም መሰለ። ዓምና እሷም ጉባኤ ፊት ቆማ «ዓይኔ በራልኝ» ብላ መስክራ፣ እልልታው ቀልጦላት ነበር። ከዚያ ወዲህ መነጽሯ ከጋውኗ ኪስ የሚወጣው ሰው በሌለበት ብቻ ነው።

አዲስ ራጅ አነሣቻቸውና ካሮጌው ጎን የራጅ ማያው መብራት ላይ ሰቀለችው። ንጹሕ መሰላት። «እንኳን ደስ አለዎት» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሽማግሌው ከኋላዋ «ደህና አድርገሽ እዪልኝ እንጂ» አሏት።

እጇን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች። መነጽሩን አውጥታ ዓይኗ ላይ ስታደርግ፣ ጥላው እዚያው ነበር።