የመሪጌታ ወልደሩፋኤል እንዶድ

መሪጌታ ወልደሩፋኤል በመካነ ሰላም ዙሪያ የሚታወቁት በድምፃቸውና በልብሳቸው ንጣት ነበር። ደርግ መጣና ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ጠፋ፤ ቢመጣም እንደ ታቦት በዓመት አንዴ ነው ብቅ የሚለው። ያገሩ ሰው ታዲያ ምን ገዶት! የእንዶድ ፍሬ ወቅጦ፣ በውኃ መትቶ፣ በአረፋው ሸማውን ያጥባል። መሪጌታ ግን በገዛ አፋቸው ተገዝተዋል።

የጎረቤታቸው የወይዘሮ አልጣሽ አጥር እንዶድ ነው። መሪጌታ የሚወዱት ጥጃቸው የዚያን ለጋ ቅጠል በላና ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። «ይህን መርዝ ቁረጪ!» አሏት። «ጥጃ ያለው ጥጃውን ያስራል እንጂ የሰው አጥር አያስቆርጥም» አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው «የአልጣሽ እንዶድ ቤቴ ቢገባ ግዝት ይሁንብኝ!» ያሉት። ይህ አልበቃ ብሏቸው ከብት ይፈጃል እያሉ ሰብከው፣ የቀረውን እንዶድ ሁሉ ሕዝቡ መንጥሮ ጣለው። የሚያፈራ የቀረው የአልጣሽ ብቻ ሆነ፤ ገበያ የሚወጣውም የሷው ነው። ወይ ቁጣ!

ሚስታቸው ሸዋረግ ጋቢያቸውን በአመድ ውኃ ብታሸው ብታሸው ይባስ ጠየመ። በጥምቀት በታቦቱ ፊት ወረቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አመድ መስለው እንዴት ይቁሙ? ጭንቀት ገባቸው። በመጨረሻ ገደል ለገደል ወርደው፣ ከምንጠራ ካመለጠ አንድ እንዶድ ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡና፣ ጥጃ የፈጀባቸውን መርዝ በገዛ ጓሯቸው ተከሉት።

«እርግጥ እንዶድ ነው?» አለች ሸዋረግ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

«አበባው ተንዠርጎ አይቼ ነው የቆረጥሁት! እንዶድ አላውቅም?»

እንዶዱ ጸደቀ፤ አበበ፤ ንብ ወረረው። ፍሬ ግን ወይ ፍንክች! አበባው ረግፎ ጭራው ብቻ ቀረ። በከርሞውም እንዲሁ። መሪጌታ «የሰው ዓይን ነው» ብለው ጠበል ረጩት። እሱ እቴ!

ጥምቀት ሲቃረብ አልጣሽ በአጥሯ ላይ ብቅ አለች። የሷ እንዶድ በፍሬ ጎብጧል።

«መሪጌታ፣ ቢቀየሙኝም ልንገርዎ። የእርስዎ እንዶድ ወንድ ነው፤ ቢያብብም አያፈራም። የኔዋ ሴት ናት። የእርስዎ ማበብ ከጀመረ ወዲህ ንቡ ከጓሮዎ ወደ አጥሬ ሲመላለስ ይውላል፤ ፍሬዋም እጥፍ ሆነ።»

መሪጌታ ክው አሉ። ያን ሁሉ ጠበል የረጩት ለአልጣሽ ኖሯል! ሸዋረግ አሁንስ ሳቋን መሸፈኑንም ተወችው። እሳቸው ግን ጢማቸውን እያሻሹ ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«አልጣሽ፣» አሉ፤ «አባቱ የኔ ከሆነ ልጁ የማን ነው?»

«የአባቱ ነዋ።»

«እንግዲያ ይህ ፍሬ የአልጣሽ እንዶድ አይደለም፤ ግዝቱ አይነካውም። ልጆቼን አምጪ!»

«መቼስ ወንድ!» አለች አልጣሽ፣ ፍሬውን በሰፌድ ሙሉ እያሻገረች። «ማሳደጉ በኔ፣ መውሰዱ በአባት!»

መሪጌታ ያን ዓመት ታቦቱን ያጀቡት እንደ ጥጥ ነጥተው ነው። በዓሉ እንዳለፈ አዲስ ጥጃ ገዙ። ቤት እንዳደረሱትም፣ አልጣሽ እያየች፣ አሰሩት።