ቆቅና ባለ ከረጢቷ እናት

ፖሊሶች ከማስተምርበት ክፍል ሲያስወጡኝ ጣቶቼ ላይ ጠመኔ ነበር። ልጇን በሆዷ ከረጢት ይዛ የምትዞረውን፣ ጥንቸል የምታክለውን የአውስትራሊያ እንስሳ ሰሌዳው ላይ ስዬ ጭራዋ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ያስያዘኝ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው። ደባርቅ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ሲሚንቶው ውርጭ ነው። እዚያ ያገኘኋቸው አንዲት የጃናሞራ አሮጊት ብቻ ነበሩ፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲጠፋ በእሱ ፈንታ የተያዙ። ሳል ፋታ አይሰጣቸውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እህቴ ገና ጡት ያልጣለ ልጄን ይዛ ከዳባት መጣች። የጥበቃው ኃላፊ በር ላይ ጠራኝ።

«ወይ እዚህ ካንቺ ጋር ይግባ፣ ወይ ትውሰደው። መመላለስ የለም። ከምሳ በፊት ወስኚ።»

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ጡቴ በወተት አግቶ ያመኛል።

«ምን ስታስተምሪ ነው የወሰዱሽ?» አሉኝ አሮጊቷ። ነገርኳቸው።

«አንቀልባዋን ከገላዋ ጋር ፈጠረላታ! የታደለች!»

«አይ እማማ፣ አውሬ ሲያባርራት ከረጢቷን ታላላለች። ልጇ ይወድቃል፣ እሷ ታመልጣለች።»

ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም ነበር። ልጄን ብሰደው እሷን የምሆን መሰለኝ፤ ፈራሁ።

ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። «በኛ አገር አስታው ጫካ ውስጥ ቆቅ አለች። ቀበሮ ሲመጣ ክንፏ የተሰበረ መስላ ከጫጩቶቿ ርቃ ትንፈራገጣለች። እሷም እኮ ትታቸው ነው የምትሄድ። ለማን ብላ እንደሄደች የምታውቅ ራሷ ናት።»

«ልላከው ይሉኛል?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ይህን ሳል ግን ትሰሚዋለሽ።»

ወጣሁ። «ትውሰደው» አልኩ። ኃላፊው እህቴ ይዛው እንድትወጣ በእጁ አመለከታት።

«መጀመሪያ አጠባዋለሁ። ከዚያም እኔው አሳዝላታለሁ።»

«ቶሎ በይ።»

አልቸኮልኩም። ፖሊሶቹ እያዩ፣ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ጡቴን አጠባሁት። እህቴ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ላይ አደረግኩት፤ የአንቀልባውን ጠፍር ደረቷ ላይ አመሳቅዬ አጠበቅኩ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ኃላፊው ፊቱን አዞረ። እህቴ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስኩም።

ስፈታ ልጄ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሲያየኝ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ጤነኛ ነው፣ ሳቂታ ነው። እህቴን «እማዬ» ይላታል። እኔን እንደ ሰፈሩ ልጆች «ቲቸር» ይለኛል። ያመኛል፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሲጠራኝ ቶሎ ብዬ «አቤት» እለዋለሁ።