በቅበላ ሳምንት ያጠፋሁት ድምፅ

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል የምጠግንባት፣ ዘፈንና መዝሙር የምጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በእኔ ሥራ ዓመቱ የሚቆጠረው በጾምና በፍስክ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቅበላው ሳምንት ሲደርስ ሌላው ሰው ሥጋ ፍለጋ ይሯሯጣል፤ እኔ በር ላይ ግን ሰልፍ ነው። ከጅጋ ይምጣ ከየገጠሩ፣ ሁሉም ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ዘፈኑን አጥፋና መዝሙር ሙላልኝ ይላል። ፋሲካ ሲያልፍ ያው ሰው ዘፈኑን ሊያስመልስ ይመጣል። ብልጦቹ ዘፈናቸውን ኮምፒውተሬ ላይ በአደራ ትተው ይሄዳሉ። አንዱማ እስከ ፋሲካ ኃጢአቴን አንተ ያዝልኝ ብሎኝ በሳቅ ልሞት ነበር።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ዘፈኑን ከመዝሙሩ አንድ በአንድ መልቀም ያናድደኛል። ስለዚህ ሚሞሪውን ፎርማት አደርገዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ይጸዳል። ደንበኛውም ይህን ይወደዋል። ባዶ መሆኑን በዓይናቸው ካላዩ ንቅንቅ የማይሉ አሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በቅበላው ገበያ ቀን አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከገጠር መጡ። ዓለማዊ የሆነውን ሁሉ አጥፋልኝ አሉ። ከኋላቸው ሰው ይጋፋል። ምን አለበት ብዬ አልጠየቅኩም፤ አጥፍቼ፣ መዝሙር ሞልቼ ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና የአባቴ ድምፅ የታለ አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው በክረምቱ ዐርፈዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሴትዮዋ ምሳ ይዘው እርሻ ሲወርዱ፣ ሽማግሌው በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲያንጎራጉሩ ዳር ቆመው በስልካቸው ቀድተዋቸው ነበር። ከዚያ ሌላ ድምፃቸው የትም የለም። ያ ቅጂ ከጠፋ የሰውየው ድምፅ ዳግመኛ አይሰማም።

ጥፋት ሲኖርብኝ ቀድሜ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ይኼ መጥፎ ጠባዬ ነው። "ዓለማዊውን አጥፋ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? እርሻ ላይ የሚያንጎራጉሩት ዘፈን አይደለም?" አልኳቸው።

"ዘፈን መቼ ሆነና፤ አባቴ እኮ ነው" አሉኝ።

አፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት የሰው አባት ነው። እንዴት እንደሚለቀም እንኳ አላውቅም።

ቡሬ ኮምፒውተር የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ደወልኩለት። ገና ሳልጨርስ ጮኸብኝ፦ ሚሞሪውን ከስልኩ አውጣ፣ ምንም ነገር እንዳትጭንበት፣ ፎቶ እንኳ እንዳይነሳበት አለኝ። ሴትዮዋን ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንስተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አላነሱም፤ እግዜር ይስጣቸው። በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ ብዬ ሚሞሪውን አስቀረሁና ሸኘኋቸው። ጓደኛዬም የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ላከልኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን ለሰው ሳጠፋ ኖሬ፣ ማጥፋት ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ማለት ነው! ለካስ ፎርማት ስናደርግ የሚሰረዘው ዝርዝሩ ነው። ስሙ ከእድር መዝገብ የተሰረዘ ሰው ቤቱ ወዲያው አይፈርስም፤ ሌላ ሰው ቦታው ላይ እስኪሠራበት ቆሞ ይቆያል። ሚሞሪም እንደዚያው ነው። ነገሩ እውነት ነው ብዬ በሰው ዕቃ ከመሞከሬ በፊት የራሴን ሚሞሪ ወሰድኩ። ዐሥር ዘፈን ጫንኩበት፣ ፎርማት አደረግሁት፣ ፈለግሁ፤ ዐሥሩም ተገኙ። ስሞቻቸው ግን የሉም፤ ቁጥር ብቻ ሆነዋል። እንደገና ፎርማት አድርጌ አሁን ሦስት መዝሙር ጫንኩበትና ፈለግሁ። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ እንዳሉ ወጡ፣ አንዳንዶቹ የሉም፣ አንዱ ደግሞ በመዝሙር ጀምሮ መሐል ላይ ወደ እስክስታ ገባ፤ መዝሙሩ ያረፈበት የዘፈኑ መጀመሪያ ጨርሶ ጠፍቷል። ደንበኛ እያንኳኳ እኔ ይህን ስሰማ ዋልኩ። ምሳም አልበላሁ።

ከዚያ የሴትዮዋን ሚሞሪ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ፈልጎ ሲጨርስ ስም የሌለው የፋይል መዓት ደረደረልኝ። አንድ በአንድ መስማት ነበረብኝ፤ ያንን የምጠላውን ልቀማ። የሰርግ ዘፈን፣ የሬዲዮ ወሬ፣ የራሴ መዝሙሮች... መብራት ሁለት ጊዜ ሄደብኝ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አንዱን ስከፍት መዝሙር ነው፤ ላልፈው ስል ድንገት ተቆረጠና የሽማግሌ ድምፅ በሬውን ና ጉራች አለ። ብቻዬን በደስታ ጮህኩ። ጎረቤቴ ምን ሆነ ብሎ ብቅ አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሚሞሪ ሲሰጠኝ ያለውን ሁሉ መጀመሪያ ኮምፒውተሬ ላይ እገለብጣለሁ። የሰው ድምፅ አለበት ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። ለእናንተም የምላችሁ ይኼንኑ ነው፦ የሚያሳሳ ነገር በአንድ ሚሞሪ ብቻ አይኑር፤ ከጠፋም ሚሞሪውን አውጥታችሁ በምንም አትንኩት።

በገበያው ቀን ሴትዮዋ መጡ። በርጩማ ሰጠኋቸውና ከፈትኩላቸው። የመዝሙሩ መጨረሻ ትንሽ ተሰማ፤ ከዚያ አባታቸው ቀጠሉ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እስከ መጨረሻው ሰሙና ድገምልኝ አሉ። ስደግመው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። የተጠጉት ግን አባታቸው ጋ ሳይሆን ገና መዝሙሩ ሲሰማ ነበር።

መዝሙሩ የረበሻቸው መሰለኝ። ቆርጬ የአባታቸውን ድምፅ ብቻ ንጹሕ አድርጌ ልሰጣቸው እንደምችል ነገርኳቸው።

"መጀመሪያው ላይ ይጠራኝ ነበር" አሉኝ። "በልጅነት ስሜ። አሁን በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው የለም። መዝሙሩ ያረፈው እዚያ ላይ ነው?"

መዋሸት አልሆነልኝም። አዎ፣ እዚያ ላይ ነው አልኳቸው።

"እንግዲያስ አትቁረጠው" አሉ፤ "ስሜ ከሥሩ አለ።"

ከሥሩ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ በገዛ ሚሞሪዬ ሞክሬዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ከነመዝሙሩ በሁለት ሚሞሪ ገልብጬ ሰጠኋቸው።