የሚካኤል ጠመንጃዎች

በጠመንጃ መካከል ያደገች የቄስ ልጅ በላስታ ከኔ ሌላ ትኑር አትኑር እንጃ። አባቴ የሰፈራችን የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በሙሉ በሱ እጅ፣ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በሱ አንገት ላይ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ለሶማሌው ጦርነት የዘመቱት ሚሊሻዎች ሲመለሱ፣ ያ ዕቃ ቤት ቀስ በቀስ የጦር ግምጃ ቤት ሆኖ አረፈው።

የኛ አገር ሰው ጭንቅ ሲገባው ይሳላል። እዚያ በረሃ ምሽግ ውስጥ ተኝተው «ሚካኤል ሆይ፣ በደህና ለአገሬ ካበቃኸኝ ጠመንጃዬን ላንተ» ያሉ ብዙ ነበሩ። የመንግሥቱን መሣሪያ ለመንግሥት አስረከቡና፣ ማርከን ነው፣ ገዝተን ነው ያሉትን አሮጌ ጠመንጃ ተሸክመው መጡ። ምንሽር መጣ፣ አልቤን መጣ፣ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ፣ ስሙን ባለቤቱም የማያውቀው መጣ። አባቴ ሰጪውን መርቆ ይሸኝና ቤት ሲገባ ይብከነከናል። «ሻማ ይበራል፤ ዣንጥላ ይዘረጋል፤ ጠመንጃ ምን ይደረጋል?» ሌላ ስለት ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። በዚያ ዘመን ግን ጠመንጃ በጨረታ መሸጥ ራስን ለእስር ቤት ማቅረብ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አብዮተኛ ነኝ ይበል እንጂ ሚካኤልን ይፈራል፤ በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞር ነበር።

እናም ጠመንጃዎቹ፣ ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ ከሚደገፏቸው መቋሚያዎች ጎን ተደረደሩ። አንድ የበዓል ቀን ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ ዳብሰው አንዱን አነሱና ገብተው፣ በምንሽር ተደግፈው ወረቡን አስኬዱት። ዲያቆናቱ ነጠላቸውን ነክሰው በሳቅ ሊሞቱ ነው። መሪጌታው ሲወጡ «ዛሬስ መቋሚያው ከበደኝ፤ እርጅና መጣ» ብለው አዘኑ። እውነቱን የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም።

አንድ ቀን ደግሞ እሱ መጣ። ከሁሉም የሚያምረውን፣ ሰደፉ በቅቤ የታሸ የሚመስለውን ምንሽር ለአባቴ አስረከበና፣ ማንገቻው የነበረበትን ትከሻውን በእጁ እየዳበሰ ወጣ። እኔ ደጁን እጠርግ ነበር፤ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወደድኩት፤ ሌላ ቃል የለውም። ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ሲልክ፣ ጎረቤት ሁሉ «ያን የመሰለ ጠመንጃ የሰጠ ጅል» እያለ ሲስቅበት፣ እኔ ከደስታዬ ብዛት ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት።

እንቅፋቱ አጎቴ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ በኔ ጉዳይ የሷን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ፣ «የራሱን ጠመንጃ ያላነገተ ወንድ በእህቴ ልጅ በር አይገባም። የውሰት እንዳታመጡ፤ የማን ጠመንጃ እንደሆነ የማላውቅ እንዳይመስላችሁ!» አለና ተቀመጠ። በሠርጉ ዕለት በር ላይ ሊመልሰው ነው ማለት ነው። ዕቃ ቤት ሙሉ ጠመንጃ ያለው ሰው ልጅ ሆኜ በአንድ ጠመንጃ ምክንያት ባል ላጣ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። አባቴን ስለምነው «የሚካኤልን ገንዘብ መልሼ ልስጥ? ምን አፍ አለኝ!» ብሎ ተቆጣኝ።

ግን የሠርጉን ቀን የቆረጠው አባቴ ነው፤ ጥር ዐሥራ ሁለት፣ ቃና ዘገሊላ። ሰው ሁሉ ተደነቀ። በዚያ ቀን የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ ይመለሳል፤ ጠመንጃዎቹም በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጡት ያኔ ነው። እያንዳንዱን የሚያነግተው ራሱ የተሳለው ሰው ሆኖ ታቦቱን ያጅባሉ፤ ታቦቱ ሲገባ ለገበዙ አስረክበው ይበተናሉ። የዚያን ዕለት ግን ገበዙ ዕቃ ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን እንዳንጠለጠለ በጊዜ ወደ ቤቱ መጣ። «ቁልፉን ለዲያቆኑ አይተዉለትም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ሙሽራ ነሽ፤ ዝም በይ» አለኝ። ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር።

እኔ በጓዳ፣ በነጠላ ተሸፍኜ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ውጭ አያለሁ። ከበሮው ቀረበ። ታቦቱን ያስገቡት ባለ ጠመንጃዎች የሚያስረክቡት ሰው ቢያጡ፣ ገበዙን ፍለጋ ከሠርገኛው ጋር ተቀላቅለው እየጨፈሩ ይመጣሉ! የሠርግ አጃቢ ሳይሆን የጦር ሰልፍ ነው የሚመስለው። ከፊት እሱ፣ ያን ምንሽር አንግቶ።

አጎቴ በሩ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆመ። አየውና፣ «ይኸማ የሚካኤል ነው!» አለ።

«የሚካኤል ነው» አለ አባቴ።

«ነገ ይመለሳል?»

«ዛሬውኑ ይመለሳል።»

«ታዲያ የእህቴን ልጅ በምን ሊጠብቃት ነው? ቀኑ ክፉ ነው፣ አገሩ ሽፍታ ነው። ቄሰ ገበዝ፣ ለወግ ብዬ መሰለዎት?» አለ አጎቴ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ኩራት ብቻ መስሎኝ ስረግመው ነበር የከረምኩት። ለካ የሚፈራልኝ ሰው ነው።

ከበሮው ዝም አለ። ሙሽራው ራሱ ወደ አጎቴ ቀረበ። «ጋሼ፣ ይኸን ጠመንጃ ይዤ ሳለሁ በግራም በቀኝም ጓደኞች ነበሩኝ። ልጠብቃቸው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። እኔን የጠበቀኝ ግን አለ። ለሱ ሰጠሁት።»

ይኼኔ እኔ፣ ከጓዳ፣ እልል አልኩ። የራሴን ሠርግ! ሴቶቹ ዘለው አፌን ያዙኝ፤ «ኧረ አንች ልጅ፣ ምን ጉድ ነሽ! ሙሽራ እልል ትላለች?» በጣቶቻቸው መካከል ሁለተኛውን ለቀቅኩት። ውጭ ሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ሊቆጣ አፉን ቢከፍት ሳቅ ቀደመው፤ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ግባ፣ ግባ ልጄ፣ ሳትታዘል እሷው ሮጣ እንዳትመጣብህ!» ብሎ ዱላውን አነሣ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ ተረከበ። መጀመሪያ ያስረከበው ሙሽራው ነው።

አመሻሽ ላይ በበቅሎ ስሸኝ አጎቴ የገዛ ጠመንጃውን አንግቶ እስከ ባሌ ቤት ድረስ ከኋላ ተከተለን። እዚያ ሲደርስ ከትከሻው አወረደና ለባሌ ሰጠው። «እንካ፤ ጠብቅበት። ግን ይኸን ደግሞ እንዳትሳለው!» አለ። ባሌ ምሎ ተቀበለ፤ መሐላውንም ጠበቀ።

እኔ ግን አልማልኩም ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ ምጡ ጠንቶ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ስሰማ፣ ጠመንጃው ከግድግዳው ላይ ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ነበር፤ ለሚካኤል ተሳልኩት። አጎቴ ሲሰማ እስከ ፋሲካ አላነጋገረኝም። ሕፃኗን ግን በየሰንበቱ እየመጣ፣ እኔን ሰላም ሳይል፣ አቅፏት ይውል ነበር።