መጀመሪያ እሱን

የእስር ክፍሉን በር ሲከፍቱልን መጀመሪያ የተቀበለን ብርዱ ነው። ውጭ የላስ ቬጋስ ከሰዓት ነበር፤ አስፋልቱ የጫማ ሶል ያለሰልሳል። ውስጥ ግን ከጣሪያው የሚወርደው አየር ላባችንን ጀርባችን ላይ አደረቀው። ግራጫ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ አናቱ ላይ ትንሽ መታጠቢያ። ሽንትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል።

አባዬ ከኋላዬ ገባ። ዙሪያውን አየና፣ "ይሄማ ሆቴል ነው። ኤሲ አለው" አለኝ።

"አባዬ፣ በናትህ አሁን አትቀልድ።"

"ታዲያ ላልቅስልህ?"

እሱ ማወዳደር ይችላል። አርሲ ውስጥ ወጣት ገበሬ ሳለ፣ የሜኖናይት አማኝ ነኝ፣ ጠመንጃ አልይዝም በማለቱ በደርግ ጊዜ ታስሮ ውስጥ እግሩን ተገርፏል። ዛሬም የሚራመደው እሾህ ላይ እንዳለ ሰው ነው። እዚህ ከመጣን በኋላ ሎን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር ከተከራየነው ቤት ጀርባ ያለውን ባዶ መሬት ማረስ ያዘ። እዚህ መሬት ላይ አንድ ክንድ እንኳን ሳይቆፈር ነጭ፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ንብርብር ይመጣል። ያንን በዶማ እየፈለጠ፣ ፍርስራሹን በጋሪ እያወጣ፣ ጎመንና ቃሪያ አበቀለበት። እናቴ ከሆቴል የጽዳት ሺፍቷ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር ታጠጣለታለች። ምርቱን የሐበሻ ሱቆች ይወስዱለታል።

የዚያን ቀን መሀል ከተማ ሰልፍ ነበር። ስደተኞችን ከሥራ ቦታቸው እያፈሱ መውሰድን የሚቃወም ሰልፍ። እኔ በማይክ ግጥም አነበብኩ። አባዬ የመጣው ጎመኑን አስረክቦ በፒካፑ ወደ ቤት ሊወስደኝ ነው። ተበተኑ ተባልን፤ አልተበተንም። ፖሊሶቹ ሲገፉን አጠገቤ የነበረች ልጅ ወደቀች። አባዬ ሊያነሳት ሲያጎነብስ ሁለታችንንም ጠቅልለው አሰሩን።

እኔ ከአገር የወጣሁት በግጥሜ ታስሬ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ጠበቃዬ ደጋግማ የነገረችኝ ነገር አለ። ሰልፍ ላይ ብትያዝ እከራከርልሃለሁ፤ ሰው ከመታህ ግን የምትመለሰው ወደሸሸኸው እስር ቤት ነው።

አግዳሚው ላይ አንገቱን በሙሉ የተነቀሰ ግዙፍ ሰውዬ ተጋድሟል። ሌሎቹ እስረኞች ወለሉ ላይ ናቸው። አባዬ እግሩ ስለሚያመው የአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ሄይ፣ ኦልድ ማን! ከአልጋዬ ላይ ተነስ!" አለ ሰውዬው በእንግሊዝኛ።

"ፕሊስ" አለ አባዬ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው፣ ወደ እግሩ እያመለከተ። "እግሬ በሽተኛ ነው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ።"

ሰውዬው ተነሳና በቡጢ መታው። ድምፁ እርጥብ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ሲጣል የሚሰማው ዓይነት ነበር። አባዬ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ተመልሶ እዚያው ቦታ ተቀመጠ። እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

ሁለተኛው ቡጢ አፍንጫው ላይ አረፈ። ደሙ በነጭ ጢሙ ውስጥ እየሰረገ ደረቱ ላይ ተንጠባጠበ።

እኔ ቆሜያለሁ። እጄ ተጨብጧል።

"ቁጭ በል" አለኝ አባዬ።

"እየገደለህ ነው እኮ!"

"አይቻለሁ። ቁጭ በል።"

"እሺ አንተ አትምታ። እኔ አንተ አይደለሁም።"

"ስለ ጠበቃዋ አይደለም የምልህ። ጠበቃ ባይኖርህም ቁጭ በል ነበር የምልህ።"

ወለሉ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። "ልጁም እንደ አባቱ ፈሪ ነው!"

አልተቀመጥኩም። አልመታሁምም። መሀላቸው ገብቼ ቆምኩ። የሚቀጥለው ቡጢ ጆሮዬ ላይ ነደደ፤ ለጥቂት ጊዜ የምሰማው የጆሮዬን ፉጨት ብቻ ነበር።

ያኔ በሩ ተበርግዶ ጠባቂዎች ገቡ። ሰውዬው ዓይን ውስጥ የሚያቃጥል የበርበሬ ስፕሬይ ረጩበት፣ በሆዱ አስተኙት፣ አንደኛው በጉልበቱ አንገቱን ተጫነው፣ ሌላኛው ጎድኑን በዱላ ይለው ጀመር። ሰውዬው መጮህ ካቆመ በኋላም ዱላው አላቆመም። ደስ አለኝ። ትንሽ ጨምርለት እያልኩ ነበር በልቤ።

አባዬ ተነሳ። በረሃው ነፋስ ሲያስነሳ ችግኞቹ ላይ ጃኬቱን አልብሶ እንደሚጎነበስባቸው፣ ሰውዬው ላይ ጎንበስ ብሎ ተኛበት። ሲወርድ የነበረው ዱላ አባዬ ትከሻ ላይ አረፈ። ስፕሬዩ ለእሱም ደረሰው።

"ያበድክ ሽማግሌ!" ብሎ ጮኸ ጠባቂው። "የመታህ እሱ አይደለም እንዴ?"

"የስ" አለ አባዬ እየሳለ። "እሱ ነው የመታኝ። እኔ አልከሰውም። አንተም ተወው።"

እሱን ለማዳን እንኳን አልዋሸም። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ተሳድቦ በሩን ዘግተው ወጡ።

ሁለቱ ወለሉ ላይ ቀሩ። ዓይናቸው አልገለጥ ብሎ፣ ንፍጣቸውና ደማቸው ተቀላቅሎ፣ ጎን ለጎን ይስላሉ። ካናቴራዬን አውልቄ መታጠቢያው ላይ በውሃ ነከርኩና አባዬ አጠገብ ተንበረከክኩ።

"መጀመሪያ እሱን" አለኝ።

"አልሰማሁህም።"

"ሰምተሃል። እኔ ቃሪያ ለምጃለሁ።"

በቤተ ክርስቲያናችን እግር የምንተጣጠብበት እሑድ አለ። ሌላው ሰው ጓደኛውን ይመርጣል፤ አባዬ ግን ተኳርፎት የከረመውን ሰው ፈልጎ፣ ሳፋውን ፊቱ አስቀምጦ ይንበረከካል። እኔን ያን እሑድ ሁልጊዜ ራስ ምታት ይይዘኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ራሴን አመመኝ ብዬ የምሄድበት ቦታ አልነበረም።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። እጄ ወደ ፊቱ ሲቀርብ በሁለት ክንዱ ራሱን ሸፈነ። የምመታው መስሎታል። ምን ያህል ልመታው እንደፈለግኩ ቢያውቅ ኖሮ ክንዱን አያወርድም ነበር። ቀስ ብዬ አወረድኩለት። ውሃውን ዓይኑ ላይ ጨመቅኩት፣ ካናቴራውን አጥቤ ተመለስኩ፣ ደግሜ ጨመቅኩት። አላመሰገነኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ከዚያ አባዬን አጠብኩት።

የሰልፉ ክስ ተነሳልን። የእኔ ጉዳይ ዛሬም ዳኛ ፊት ነው። የአባዬ አፍንጫ ተጣሞ ቀረ፤ ታናሽ እህቴ "ዳዲ፣ ኖዝህ ሌፍት ተርን አድርጓል" እያለች ትስቅበታለች። እሱም ይስቃል።

በዚህ ሳምንት ወደ አጥሩ በኩል አዲስ መደብ እያወጣን ነው። ነጩ ንብርብር ላይ ስንደርስ ዶማውን አንስቼ ከሚገባው በላይ እመታዋለሁ። ፍንጣሪው ፊቴ ላይ ይመለሳል። አባዬ አካፋውን ተደግፎ ያየኛል።

"ማታ ውሃ ብታጠጣው ኖሮ እኮ ጠዋት እንዲህ አያስቸግርህም" ይለኛል።

አውቃለሁ። ግን ያልሰነዘርኩት ቡጢ እጄ ውስጥ አለ፤ አባዬም እንዳለ ያውቃል። ዶማውን አይቀማኝም። አካፋውን አስቀምጦ የውሃውን ጎማ ሊያመጣ፣ እሾህ ላይ እንዳለ ሰው እየተራመደ፣ ይሄዳል።