ዋናው ያለ መስሎኝ

ልጅ እያለሁ፣ ማለትም በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ደብረ ታቦር አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡኝ። አትሳቁ፤ በዚያ ዕቃ ፊት ዳዴ የምል ሕፃን ነበርሁ። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል የኖርሁት በአቧራ፣ በማኅተም ቀለምና በካርቦን ወረቀት ሽታ ውስጥ ነው። እምነቴም አንዲት ነበረች፤ ማንኛውም ደብዳቤ ዋና አለው፣ ግልባጭ አለው። ግልባጩ ቢቀደድ፣ አይጥ እንኳ ቢበላው፣ ዋናው ከቁም ሣጥኑ ንቅንቅ አይልም።

ከእኔ በፊት ሌሎች ይሠሩበት የነበረው አሮጌው የመዝገብ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር አልሠራም ሲል የደረሰችልን ትርንጎ ናት። እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከገሳይ ከተማ የመጣች ልጅ ነች፤ ኩዌት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ኮሌጅ እየተማረች እኛ ዘንድ በኮንትራት ተቀጥራ ነበር። በአዲሱ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈጠረችልኝ፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በእጅ የሚዳሰስ ነገር የለውም፤ ስክሪኑ ላይ ግን እንደ ሙሉ ኮምፒዩተር ይሠራል። ፕሮግራሙም እዚያ ውስጥ ነፍስ ዘራ።

ችግሩ ከውስጠኛው ወደ ውጭኛው ፋይል ማሻገር ነበር። እኔ ከውስጠኛው አትሜ፣ ወረቀቱን እያየሁ ውጭኛው ላይ እንደገና እተይባለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ትርንጎ ይህን ያየች ቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ውይ ጋሽ አለልኝ! ከጓዳ ሳሎን ለመግባት በባሕር ዳር ይዞራሉ እንዴ?» አለችኝ። ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ጠዋት ጠዋት «ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ገቡ?» ትለኝ ጀመር። አብሬ እስቃለሁ፤ ቂሜን ግን እንደ መዝገብ አስቀምጣለሁ።

እሷ ግን አዝናልኝ የጋራ ፎልደር ከፈተችልኝ። «ከጓዳም ይክፈቱት፣ ከሳሎንም ይክፈቱት፣ ፋይልዎን ያገኙታል» አለችኝ። ፍላሽ ቫይረስ ስላመጣብን ተከልክሎ ነበርና፣ ሰባት ወር የደከመችበትን የመመረቂያ ጽሑፏንም እዚያው አስቀምጣ ከአሮጌው ፕሮግራም መረጃ እየቀዳች ትሠራበት ነበር። ሰኞ ካስረከበች ትመረቃለች፤ ከተመረቀች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልሆነ ኮንትራቷ አልቋል።

ያንን ጽሑፍ ከጓዳም አየሁት፣ ከሳሎንም አየሁት። በሠላሳ ዓመት ዕውቀቴም ፈረድሁ፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ግልባጭ። ዓርብ ለምሳ ስትወጣ የጓዳውን አጠፋሁት። ትንሽ ትደንግጥ፣ እኔም በተራዬ ልሳቅ ብዬ ነው። ሳቄን አፍኜ ጠበቅኋት።

ተመልሳ ከፈተች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ፣ «ምነው ልጄ? ሳሎን ፈልጊው እንጂ! ወይስ በባሕር ዳር ልትዞሪ ነው?» አልኋት። ሳሎን ፈለገች፤ የለም። የኮምፒዩተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ፈለገች፤ እዚያም የለም። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ጋሼ፣ ፎልደሩ እኮ አንድ ነው። ሁለቱ በሮቹ ናቸው» አለችኝ።

ኃላፊያችን መጡና «ማን ነካው?» ብለው ጠየቁ። ትርንጎ ስሜን አልጠራችም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። እናቴ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ትል ነበር። እንግዲህ ቀድጃለሁ፤ የቀረኝ መናገር ነው። እኔ ግን፣ «እኔማ እንኳን ማጥፋቱን ማብራቱንስ መቼ ለየሁት!» አልሁ። ሁሉም ሳቁ። ኃላፊውም «አይ አለልኝ!» ብለው እየሳቁ ወጡ። ሞኝነቴ ጠበቃ ቆሞ ነጻ አወጣኝ።

ሰኞ ትርንጎ የምታስረክበው አልነበራትም። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ኩዌት ተመለሰች። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት፤ ሰውም «እንዴት ያለ ደግ ሽማግሌ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ የማላውቀውን ዛሬ አውቃለሁ። የልጅ ልጆቼ ፎቶ በሦስት ቦታ ተቀምጦልኛል፤ አድጌያለሁ ማለት ነው። በየዓመቱ በቡሄ ትርንጎ ከዚያው ከሰው ቤት ትደውልልኛለች። «ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ገቡ?» ትላለች። «ገና መንገድ ላይ ነኝ» እላታለሁ፤ ትስቃለች። ከዚያ ልክ እንደዚያ ዓርብ እስክናገር ትጠብቀኛለች። እኔም ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አወራላታለሁ።